ለምን እንደጠፋሁብሽ

እህት ዓለም፣

እንደምን ከረምሽ? ልጆቹስ? ሁለት ዓመት ሙሉ ስትደውዪ አላነሳሁም። ተቀይሜሽ አይደለም። ከየት እንደምጀምር ጠፍቶኝ ነው።

እማዬ መርሳት ጀምራለች። መጀመሪያ ያየሁት ቡና ላይ ነው። አቦሉን ሳንጨርስ ሌላ ቡና ልትቆላ ትነሳለች። ጎረቤቱ «ጃጅታ ነው» አለ፣ እኛም ተቀበልን። ሐኪሙ ግን ታይሮይድና ቫይታሚን ቢ12 አስመረመራት። እነሱ ሲዛቡም ሰው ይረሳል፣ ያ ደግሞ ይታከማል። የእሷ ግን አልዛይመር የሚሉት የመርሳት ሕመም ሆነ።

ቀን ቀን ደህና ናት። ፀሐይ ከጦሳ ተራራ ጀርባ ስትገባ ነው የምትረበሸው። ነጠላዋን አጣፍታ «ቤቴ ውሰዱኝ» ትላለች። ሐይቅ ከተማ ያደገችበትን ቤት ማለቷ ነው። «ቤትሽ እኮ ይሄ ነው!» እያልኩ ስከራከራት ከረምኩ። አንድ ማታ ጮህኩባት። ግድግዳ ተጠግታ እንደ ሕፃን አየችኝ። ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ። ተከትላኝ መጣችና «አብሽሪ፣ የማን ልጅ ነሽ?» አለችኝ።

እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ እሷኑ እናፍቃለሁ። ብትሞት ድንኳን ይጣላል፣ ለቀስተኛ ይመጣል። ለዚህ ግን ድንኳን የለውም። ለዚያ ነው ዝም ያልኩት።

አሁን አልከራከራትም። «ጓሯችሁ ምን ነበረው?» እላታለሁ። ስለ ሐይቁ፣ ስለ ዓሣው ስታወራ መሄዱን ትረሳዋለች። መንዙማ ስንከፍት ደግሞ አንድ ቃል አትስትም! ስሜን የረሳች ሴት!

ወንድሜ «አንቺ ሴት ነሽ፣ ትችይዋለሽ» ይል ነበር። በዓለምም እንዲሁ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የመርሳት ሕመምተኛን ለመንከባከብ ከሚጠፋው ሰዓት 70 በመቶው በሴቶች ትከሻ ላይ ነው። እኔ ግን እንቅልፍ ካጣሁ፣ በትንሽ በትልቁ ከተቆጣሁ በኋላ «አልቻልኩም» አልኩት። ይህን ማለት ከማስታመሙ በላይ ከብዶኝ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ እሱ ይውላል። እኔ ፒያሳ ወጥቼ ሻይ እጠጣለሁ፣ ወይ ዝም ብዬ እተኛለሁ። በመጀመሪያው ሐሙስ እናቴን የጣልኳት መስሎኝ ከመንገድ ተመለስኩ። አሁን አልመለስም።

ለበዓል ብትመጪ ደስ ይለኛል። ብቻ እንደ ሌላው ሰው «አወቅሽኝ?» ብለሽ አትፈትኛት፤ ትሸማቀቃለች። ስምሽን ነግረሽ እጇን ሳሚና አጠገቧ ተቀመጪ። ቡናውን እኔ አፈላለሁ።

ናፋቂሽ፣ ከደሴ