ስለ ፉኬ የብራና ሥዕሎች

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለሰሎሞን፤

ለጤናህ እንደምን ሰነበትህ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሳንጻጻፍ ዓመታት አለፉ፤ ያልጨረስነው ክርክር ግን ከልቤ አልወጣም። ተማሪዎች ሳለን «የብራና ሥዕል የጽሑፍ ማጀቢያ ነው፤ የአውሮፓ ህዳሴ ዘመን ሠዓሊዎች ታላቅነታቸውን ያሳዩት በግድግዳና በእንጨት ሰሌዳ ላይ ነው» ትለኝ ነበር። አሁን መልስ አግኝቼልሃለሁ።

ከፓሪስ በስተሰሜን ሻንቲዪ ከተማ የኮንዴ ሙዚየም አለ። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ዣን ፉኬ እ.ኤ.አ. በ1450ዎቹ ለፈረንሳይ ንጉሥ ገንዘብ ያዥ ለኤትየን ሸቫልዬ ከሠራው የጸሎት መጽሐፍ 40 ሥዕሎች ያሉት እዚያ ነው። በአንደኛው ሸቫልዬ ተንበርክኳል፤ ቅዱስ እስጢፋኖስም ከጎኑ ቆሞ ለእመቤታችን ያቀርበዋል። ይኸው ሠዓሊ ይህንኑ ሰው ከዚሁ ቅዱስ ጋር በእንጨት ሰሌዳ ላይም ሥሎታል። በርሊን የሚገኘው ሰሌዳ ቁመቱ አንድ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ ብራናው ግን ከመዳፍ ብዙም አይበልጥም። ፉኬ ጣሊያን ሄዶ የጳጳሱን የአውጌንዮስ 4ኛን ምስል የሠራ ሰው ነው። እዚያ የቀሰመውን የእብነ በረድ አምድና ርቀትን የማሳየት ጥበብ ለሰሌዳው ብቻ አላስቀረውም፤ በዚያች ትንሽ የመጽሐፍ ቅጠል ላይም በሙሉ ልቡ ሠርቶበታል። ሁለቱን አስተያይተህ ብራናውን ማጀቢያ ለማለት የምትደፍር አይመስለኝም።

ቀለሙን ደግሞ ብታየው! የዘይት ቀለም ለሚገለጥ ቅጠል አይመችም፤ ስለዚህ የብራና ሠዓሊ ቀለሙን በሙጫ ወይም በእንቁላል በጥብጦ ሳሳ አድርጎ ይቀባል። መጽሐፍ ተከድኖ ስለሚኖር ብርሃን እምብዛም አያገኘውም፤ ሰማያዊውና ወርቁ ዛሬም ይደምቃሉ። የዚያ ዘመን ሰው ያየውን ቀለም ማየት የፈለገ መጽሐፍ ይግለጥ እላለሁ። የሸቫልዬ መጽሐፍ ተቆራርጦ ቅጠሎቹ መበታተናቸው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በዚያው ሙዚየም የጣሊያናዊው ሠዓሊ የራፋኤል «ሦስቱ ጸጋዎች» አለ። በእንጨት ላይ የተሣለ ነው፤ ግን ጎኑ 17 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። መጠን ከሆነ መለኪያህ ራፋኤልንም ልትጥለው ነው።

የግድግዳውን ታላቅ ሠዓሊ ሚኬላንጄሎን እንደምታነሣብኝ አውቃለሁ። እርሱ የሣላቸውን ግዙፍ አካላት ተከትሎ የብራና ሠዓሊው ጁሊዮ ክሎቪዮ ለካርዲናል ፋርኔዜ የጸሎት መጽሐፍ ሠርቷል፤ የፈጸመውም በ1546 ነው፤ ማተሚያ ከተስፋፋ ከስንት ዘመን በኋላ! ሠዓሊው ኤል ግሬኮ የክሎቪዮን ምስል ሲሥል ያንን መጽሐፍ በእጁ አስይዞታል። የዘይት ቀለም ሠዓሊ ለብራና ሠዓሊ የሰጠው ክብር ይህን ያህል ነበር።

አሁን ተራው ያንተ ነው። የምትቃወመኝ ከሆነ በዝርዝር ጻፍልኝ፤ የምትስማማ ከሆነ ደግሞ እንዲያውም ቶሎ ጻፍ። ለእማማ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ልጆቹን ሳምልኝ።

ወንድምህ ዳዊት