ለታራሚ ሰዓሊዎች ወረቀትና ቀለም እናድርስ፦ የድጋፍ ጥሪ

ፍራንክ ጆንስ ማንበብና መጻፍ አይችልም ነበር። በአሜሪካ ቴክሳስ፣ ሀንትስቪል እስር ቤት ሳለ የቢሮ ሠራተኞች የጣሏቸውን የቀይና ሰማያዊ እርሳስ ቁራጮች ይለቅም ነበር። በእነሱ፣ ባገኘው ወረቀት ላይ፣ ሰይጣኖች የሚኖሩባቸውን ቤቶች ሣለ። ብዙዎቹን የፈረመው በእስረኛ ቁጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 እስር ላይ እንዳለ አረፈ። ሥዕሎቹ ዛሬ ሙዚየም ገብተዋል።

ሬይ ማተርሰን ደግሞ ኮነቲከት ውስጥ ታስሮ ሳለ ካልሲ እየተረተረ ክር አወጣ። አያቱ ስትጠልፍ ያየውን አስታውሶ መዳፍ የማይሞሉ ምስሎች ጠለፈ። የሰው ፊት በካልሲ ክር!

እነዚህ ሁለቱ ሥራቸው ስለተረፈ እናውቃቸዋለን። የብዙዎቹ ግን አይተርፍም። እኛን በጣም የሚያሳስበን ይሄ ነው። ሥዕሉ በፍተሻ ጊዜ ይጣላል፤ ታራሚው ወደ ሌላ ማረሚያ ቤት ሲዛወር እዚያው ይቀራል። ቢተርፍም ዕድሜው አጭር ነው። በእስክሪብቶ የተሣለው ብርሃን ሲያገኘው ይደበዝዛል፣ የጋዜጣ ወረቀት ደግሞ ቢጫ ሆኖ ይሰባበራል።

ስለዚህ በጎ ፈቃደኞች ሆነን አንድ የጋራ ሥራ ጀምረናል። ወረቀት፣ እርሳስና የውሃ ቀለም ገዝተን እናስገባለን። የተሠራውን ፎቶ እናነሳለን፣ በደህና ማህደር እናስቀምጣለን፣ ከዚያም ኤግዚቢሽን እናዘጋጃለን። ሥዕል ከተሸጠ ገንዘቡ፣ ደንቡ በሚፈቅደው መንገድ፣ ለሰዓሊው ወይም ለቤተሰቡ ይደርሳል። ጎብኚዎች ለሰዓሊው አስተያየት የሚጽፉበት ወረቀትም ይኖራል። ለብቻው ለተማረ ሰው ሥራውን ያየ ሰው ቃል ትልቅ ነገር ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በብሪታንያ የታራሚዎች የጥበብ ሽልማት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። ያቋቋመው ደራሲው አርተር ከስለር በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ራሱ ታስሮ ሞት ተፈርዶበት ነበር። ሽልማቱ እስከ ዛሬ አለ።

«ጥፋት የሠራን ሰው ለምን እረዳለሁ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የተበደለ ሰው አለና። እኛ ፍርዱ ይቅለል አላልንም። ፍርዱን እየፈጸመ ያለ ሰው እጁ ሥራ ይያዝ ነው የምንለው። ረጅም ቀን፣ ጠባብ ክፍል፣ ምንም የሚሠራ ነገር የለም። በዚህ መሃል እርሳስ ያነሳን ሰው ማበረታታት ማንንም አይጎዳም ብለን እናምናለን።

የቻላችሁ ገንዘብ አዋጡ። ትንሽ ነው ብላችሁ እንዳትተዉት፤ አንድ ጥራዝ ወረቀት ለአንድ ሰው ብዙ ነው። ያልተነካ ወረቀትና ባለቀለም እርሳስ ያላችሁም አምጡልን። ፍሬም መሥራት የምትችሉ፣ ፎቶ የምታነሱ፣ ለኤግዚቢሽን የሚሆን አዳራሽ ያላችሁ፣ እናንተንም እንፈልጋለን።

አንድ አደራ፦ ዕቃ በራሳችሁ ወደ ማረሚያ ቤት አትላኩ። ስለት፣ ብርጭቆና ቀለም ማቅጠኛ ኬሚካል በብዙ ቦታ አይገባም፤ ሽቦ ያለው ደብተር እንኳ ሊመለስ ይችላል። ለእኛ ስጡን፣ ፈቃድ ጠይቀን እናስገባዋለን።