ታሞ ሥራ የገባውስ ለምን አይቆጠርም?

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በድሬዳዋ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የምርት ተቆጣጣሪ ነኝ። በየወሩ ለአስተዳደር የምንልከው ቅጽ ማን ስንት ቀን እንደቀረ እንጂ ታሞ የገባው ምን ያህል መሥራት እንደቻለ አይጠይቅም፤ ትልቁ ኪሳራ ያለው ግን እዚያው ላይ ይመስለኛል።

በ2011 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ቺኩንጉንያ የተባለው በትንኝ የሚተላለፍ በሽታ ከተማችንን ሲያዳርሳት፣ ትኩሳቱ በቀናት ውስጥ ቢበርድም የመገጣጠሚያ ሕመሙ ብዙዎችን ለወራት አልለቀቃቸውም። አንዲት ባልደረባችን አንድ ቀን ሳትቀር እየገባች፣ ጣቶቿ አባብጠው ስለነበር ክር በመርፌ ቀዳዳ ለማስገባት ሦስት አራት ጊዜ ትሞክር ነበር። በመዝገቡ ላይ ሙሉ ቀን የሠራች ጤነኛ ናት። ምርቷ ቀነሰ ተብሎ ማስጠንቀቂያ ሲጻፍባት የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ እስከ ዛሬ ይጸጽተኛል።

ባለፉት 7 ቀናት በሕመም የባከነውንና የተሠራበትን ሰዓት፣ እንዲሁም ሕመሙ ሥራውን ምን ያህል እንዳስተጓጎለው ከ0 እስከ 10 በሚደርስ መለኪያ የሚጠይቁ አጫጭር መጠይቆች በሌሎች አገሮች ከተለመዱ ቆይተዋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሕመም ፈቃድ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ደግሞ ግማሹን ቢፈቅድም፣ ያልቀረ ሠራተኛ በሚያገኘው ጉርሻ ምክንያት ሕመሙን ደብቆ የሚገባው ብዙ ነው። ስለዚህ የመጠይቁ መልስ ያለ ስም ተሞልቶ በፋብሪካው ክሊኒክ ነርስ እጅ ብቻ ሊቀመጥ ይገባል፤ ለእንደ እኔ ያለ አለቃ ከደረሰ እውነቱን የሚናገር አይኖርም። የከተማችን ፋብሪካዎች መጠይቁን በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ አዘጋጅተው እንዲጀምሩት አጥብቄ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የምርት ተቆጣጣሪ፣ ድሬዳዋ