አባዬ፣ በካስፒ ላይ ፈረድክበት

አባዬ፣ እንዴት ሰነበትክ? እማዬስ ደህና ናት? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ሰንበት ከወጣ በኋላ ስለ ቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ኦምሪ ካስፒ በስልክ ስንከራከር "እናትህ ትጠራኛለች" ብለህ ዘጋህብኝ። ስለዚህ ልጻፍልህ፣ ደብዳቤ አይዘጋም።

"ያ ኦምሪ ካስፒ የምትሉት ሰባት ቡድን አባሮት ባዶ እጁን ተመለሰ" ነው ያልከው። አሜሪካ ውስጥ ሰባት ቡድን መዞሩ እውነት ነው። ግን እስቲ ከምን እንደተነሳ እይ። ሆሎን ተወልዶ ያቭኔ ያደገ ልጅ ነው። በ2009 የአሜሪካ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ ሲመርጡ ሳክራሜንቶ ኪንግስ በ23ኛ ተራ መረጠው፣ በኤን.ቢ.ኤ.፣ በአሜሪካ ትልቁ የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ የተጫወተ የመጀመሪያው እስራኤላዊም ሆነ። ከእሱ በፊት የሞከሩ አልጠፉም። ኦዴድ ካታሽን ታውቀዋለህ፣ በኋላ የቴል አቪቩ ማካቢ አሰልጣኝ የሆነውን። ከኒው ዮርክ ኒክስ ጋር ተስማምቶ ሳለ በ1998 የቡድን ባለቤቶቹና ተጫዋቾቹ በገንዘብ ተጣሉ፣ ሊጉ ተዘጋ፣ እሱም ሳይሄድ ቀረ። ያንን በር የከፈተው ካስፒ ነው።

መባረር ስላልከው ደግሞ፣ እዚያ አገር ተጫዋች ሳይጠየቅ ከቡድን ወደ ቡድን ይለወጣል። በ2011 ክሊቭላንድ ሌላ ተጫዋች ሰጥቶ ወሰደው፣ በቃ፣ ሻንጣህን አንሳ ነው። አንተስ በኮአሕ አዳም፣ በሠራተኛ አቅራቢው ድርጅት፣ ስትሠራ ዛሬ ፋብሪካ፣ ነገ ማሸጊያ ቤት ሲልኩህ ሰነፍ ስለነበርክ ነው? ማን እንዲህ ብሎህ ያውቃል?

በ2017 የሆነበትን ስማ። ሳክራሜንቶ ተመልሶ ሳለ ከቡድን ጓደኛው ከደማርከስ ከዘንስ ጋር አብረው ወደ ኒው ኦርሊንስ ተላኩ። ገና በመጀመሪያው ጨዋታ አውራ ጣቱ ተሰበረ፣ ቡድኑም ወዲያው አሰናበተው። በዚያው ዓመት ጎልደን ስቴት ገባ፣ የኮከቡ የስቴፈን ከሪ ቡድን። በ2018 ፕሌይኦፍ፣ ዋንጫው የሚለይበት ዙር፣ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩ ቁርጭምጭሚቱን ታሞ ነበርና ቦታው ለሌላ ልጅ ተፈለገ፣ እሱን አስወጡት፣ ቡድኑም በሰኔ ዋንጫውን በላ። እኔ ብሆን ከዚያ ወዲያ ኳስ የሚባል ነገር አላይም ነበር። እሱ ግን ሜምፊስ ሄዶ ቀጠለ፣ እዚያም ጉልበቱ ተጎዳ።

ኮከብ ነበር አላልኩም። በአማካይ በጨዋታ ስምንት ነጥብ ገደማ ነው ያገባው፣ ለዚህ ሐውልት አይሠራለትም። ግን በታኅሣሥ 2015 ለሳክራሜንቶ ኦክላንድ ላይ፣ በጎልደን ስቴት ሜዳ፣ የተጫወተውን አሳይሃለሁ፣ ስልኬ ላይ አለ። ከሪ ከሩቅ ሲያስገባ ካስፒ ይመልሳል፣ ከሪ ይደግማል፣ ካስፒም ይደግማል፣ በባላጋራ አዳራሽ ውስጥ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ እየጮኸበት። 12 ጊዜ ከሦስት ነጥብ መስመር ወርውሮ 9 አስገባ፣ በጠቅላላው 36 ነጥብ። ቡድኑ ተሸነፈ፣ አዎ፣ አውቃለሁ፣ ይሄንንም እንደምትል አውቃለሁ።

አሥር የውድድር ዘመን ቆይቶ በ2019 ወደ ማካቢ ተመለሰ። ባዶ እጁን ያልከው ሰው እዚህ ሁለት ጊዜ የሊግ ዋንጫ አንስቶ በ2021፣ በ33 ዓመቱ ጫማውን ሰቀለ። አንተ የምትወደው ዴኒ አቭዲያም አንድ ዓመት ማካቢ ውስጥ አብሮት ተጫውቶ ነው በ2020 በዘጠነኛ ተራ ተመርጦ ዋሽንግተን የሄደው። ዴኒን እያሞገስክ ካስፒን ስታጣጥል ነው እኔን የሚያናድደኝ።

ለሚመጣው ሰንበት እንመጣለን። ልጁ የዴኒን ማሊያ አላወልቅ ብሏል፣ አያቱ ካስፒን እንደሚሰድብ ግን አልነገርኩትም። እማዬን ድፎ ዳቦውን ታብዛው በላት። የጉልበትህን መድኃኒት ደግሞ ሳትጨርስ እንዳታቆም፣ ባለፈው ያደረግከውን ነግራኛለች።

ልጅህ