የካርቦን ብስክሌት ከመለኪያ ቁልፉ ጋር ይምጣልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

ክቡር ሆይ፣

ጅማ ከተማ ውስጥ ብስክሌት በመጠገን የምተዳደር ሰው ነኝ፤ ሥራውን ከያዝኩም ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። በጋዜጣችሁ የስፖርት ገጽ ስለ ብስክሌት ጋላቢዎችና ስለ ውጤታቸው ይጻፋል፤ ስለሚጋልቡት ዕቃ ግን እምብዛም አይነሳም። ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ከሆነ፣ ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይም በ2024 በዚያው ውድድር ሦስት የዕለት ውድድሮችን አሸንፎ ለነጥብ መሪ የሚሰጠውን አረንጓዴ ማልያ ከወሰደ ወዲህ፣ በከተማችን የካርቦን ብስክሌት፣ ማለትም በብረት ፋንታ ከካርቦን ክር የተሠራ ቀላል ብስክሌት፣ የሚመኝ ወጣት በርክቷል። አንዳንዱ ከውጭ አገር ዘመድ ይላክለታል፤ አንዳንዱም ያገለገለ ከነጋዴ ይገዛል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ምኞታቸውን ለመቃወም አይደለም። ብስክሌቱ ሲመጣ አብረውት መምጣት የሚገባቸው ነገሮች እየቀሩ፣ በዚህም ምክንያት ልጆቻችን እየተጎዱ ስለሆነ ነው።

በመጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ልጅ ኮርቻው ቁልቁል እየወረደ እንዳስቸገረው ነግሮኝ የካርቦን ብስክሌቱን አመጣልኝ። በብረት ብስክሌት እንደለመድኩት የኮርቻውን ዘንግ አወጣሁ፤ ግራሶ ቀባሁት፤ መልሼ አስገባሁና ብሎኑን አጠበቅሁ። ኮርቻው እንደገና ወረደ፤ ጨምሬ አጠበቅሁ። ሦስተኛ ጊዜ ሳጠብቅ የደረቀ ጭራሮ ሲሰበር የሚመስል ድምፅ ሰማሁ። ማሰሪያውን ፈትቼ ዘንጉን ወደ ብርሃን ባወጣው ከፀጉር የማትወፍር ስንጥቅ ከማሰሪያው ቦታ ጀምራ ቁልቁል ወርዳለች። ዋጋውን እኔ ከፈልኩ፤ ልጁ ግን ምትኩ እስኪገኝ አራት ወር ያለ ልምምድ ተቀመጠ። በኋላ እንደተማርኩት ካርቦን ላይ ግራሶ አይቀባም፤ ያንሸራትታልና። ለካርቦን የተሠራ፣ አሸዋ አሸዋ የሚል ቅባት አለ፤ እሱ ዘንጉን ቆንጥጦ ስለሚይዘው ብሎኑን ብዙ ማጥበቅ አያስፈልግም።

ካርቦን የብረት ጠባይ የለውም። እጅግ የቀጠኑ ክሮች በኤፖክሲ ሙጫ ይነከሩና አንዱ ንጣፍ በቁመት፣ ሌላው በሰያፍ፣ ሌላው በአግድም እየተደራረበ በሙቀትና በግፊት ይጠነክራል። ክሩ በተዘረጋበት አቅጣጫ ሲሳብ ከብረት በላይ ይችላል፤ ለዚህም ነው ጋላቢው በዳገት ላይ ሙሉ ኃይሉን ፔዳሉ ላይ ሲያሳርፍ ቴላዮው የማይተጣጠፈው። ክብደቱም ከመቅለሉ የተነሳ የዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ለውድድር የሚቀርብ ብስክሌት ከ6.8 ኪሎ ግራም እንዳያንስ ደንግጓል፤ ይህም ባለ 10 ሊትር ጀሪካን ውሃ ከሚመዝነው ያነሰ ነው። ነገር ግን ያው ቱቦ ከጎን ሲጨመቅ ወይም በአንድ ነጥብ ላይ ሲመታ ደካማ ነው። ብረት ከመሰበሩ በፊት ይጎብጣል፤ ባለቤቱም አይቶ ይጠነቀቃል። ካርቦን ግን ውስጡ ተላቅቆ ቀለሙ እንዳለ ሊቆይ ይችላል።

በኮርቻው ዘንግና በመሪው ማቀፊያ ላይ በጥቃቅን ቁጥር የተጻፈ የማጥበቂያ ልክ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ 5 ኒውተን ሜትር ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ዝቅ ያለ ነው። 10 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ባለው ቁልፍ ጫፍ ላይ 5 ኪሎ ያህል ክብደት ቢንጠለጠል የሚገኘው ኃይል ማለት ነው። ፔዳል ግን ከ35 ኒውተን ሜትር በላይ ይጠብቃል፤ በፔዳል የለመደ እጅ ደግሞ ያችን ትንሽ ልክ በግምት አያገኛትም። ከስህተቴ በኋላ ብሎን የሚጠብቅበትን ኃይል የሚለካ የመለኪያ ቁልፍ ፍለጋ በከተማው ያሉ የመኪና ጋራዦችን ዞርኩ፤ ያገኘሁት ሁሉ ትልቅ ነበር፤ ተውሼ ባመጣሁት ላይ የመጀመሪያው ቁጥር 40 ነው። ለብስክሌት የሚሆነውንና ከ2 ኒውተን ሜትር የሚጀምረውን በመጨረሻ ያስመጣሁት በሰው እጅ ነው። ዋጋው ከብስክሌቱ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ ከ10 ሺህ የአሜሪካ ዶላር በላይ የሚሸጡ የውድድር ብስክሌቶች አሉና።

ሌላው ያሳዘነኝ ጉዳይ ይኸው ነው። ቤተሰቡ ከቡና ሽያጭ ባጠራቀመው ገንዘብ ያገለገለ የካርቦን ብስክሌት ከሌላ ከተማ የተገዛለት ወጣት፣ ማርሽ ላስተካክልለት ወደ ሱቄ መጣ። ሳጥበው ከታችኛው ቱቦ ሥር አዲስ ቀለም የተቀባ ቦታ አየሁ። በአንድ ብር ሳንቲም ቱቦውን ከላይ ጀምሬ ጣት በጣት እያልኩ አንኳኳሁት፤ ጠቅ ጠቅ የሚል ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ ቆይቶ ቀለሙ ጋ ሲደርስ እርጥብ ጣውላ እንደመምታት ደፈነ። ንጣፎቹ ተላቀዋል ማለት ነው። ነገርኩት። «ታዲያ አይበየድም ወይ ጋሼ?» አለኝ። «አይበየድም ልጄ፤ እንዳትነዳው» አልኩት። የተሰነጠቀ ካርቦን መጠገን አይቻልም ማለቴ አይደለም፤ ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ የተጎዳውን ፍቆ ክሮቹን በአቅጣጫቸው መልሶ ይተካቸዋል። ይህ ልጅ ግን በምክሬ ስላልረካ የመኪና መከላከያ በፋይበር ወደሚለጥፍ ሰው ወሰደው፤ ተለጠፈለት፤ ቀለም ተቀባ። ሁለት ወር ሳይሞላ ከጅሬን ቁልቁለት ሲወርድ ቱቦው ለሁለት ተከፈለ፤ የልጁም የትከሻ አጥንት ተሰበረ። የሸጠለት ሰው ስብራቱን ያውቅ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ አዲስ ቀለም ያለ ምክንያት በአንድ ስንዝር ቦታ ላይ ብቻ አይቀባም።

ፍሬንም እንዲሁ ነው። ሺማኖ የተባለው የብስክሌት ዕቃ አምራች የሃይድሮሊክ፣ ማለትም በዘይት ግፊት የሚይዝ፣ ፍሬን በማዕድን ዘይት ይሠራል። በየመለዋወጫ ሱቁ የምናገኘው ዶት የተባለው የመኪና ፍሬን ዘይት ግን ሌላ ዓይነት ነው፤ በሺማኖ ውስጥ ቢገባ የጎማ ማሸጊያዎቹን ያበላሻል። በአንጻሩ ስራም የተባለው ሌላ አምራች የሚሠራቸው አብዛኞቹ የመንገድ ብስክሌት ፍሬኖች የሚፈልጉት ያንኑ ዶት ነው። «ዘይት ዘይት ነው» ብሎ የሚሞላ ጠጋኝ ፍሬኑን ለጥቂት ቀን ደህና አስመስሎ ይመልሰዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ከአበልቲ ወደ ጊቤ ወንዝ የሚወርደውን መንገድ የሚያውቅ ሁሉ ሊገምተው ይችላል። በዚያ ቁልቁለት ላይ ቸርኬውን ቆንጥጦ የሚይዝ የቀድሞው ዓይነት ፍሬን ያለው የካርቦን ቸርኬም የራሱ ፈተና አለበት፤ ፍሬን ለረጅም ጊዜ ሲያዝ ሙቀቱ ሙጫውን ያለሰልሰዋል። ስለዚህ ለካርቦን የተሠራ የፍሬን ጎማ ያስፈልገዋል፤ ከአሉሚኒየም ቸርኬ የወጣ አሮጌ ጎማም ሊገጠምለት አይገባም፤ የተሰገሰገበት የብረት ፍንጣሪ ካርቦኑን ይሞርደዋልና።

በኤሌክትሪክ ስለሚሠራው ማርሽ ብዙ አልልም፤ ባትሪው ቻርጅ ከተደረገና ካቴናው ከጭቃ ከጸዳ ችግሩ ጥቂት ነው። የጅማ ዝናብ ግን አንድ ነገር ያስታውሰናል። ካርቦን ራሱ ባይዝግም፣ የነካው አሉሚኒየም እርጥበት ሲያገኝ ይበላል፤ የአሉሚኒየም ዘንግ በካርቦን ቴላዮ ውስጥ ተጣብቆ የቀረባቸው ብስክሌቶች ገጥመውኛል። ክረምት ከመግባቱ በፊትና ከወጣ በኋላ ዘንጉን አውጥቶ ማጽዳት ይበቃ ነበር።

ስለዚህ ከውጭ አገር ለወንድሙ ወይም ለልጁ ብስክሌት የሚልክ ሰው፣ ትንሹን የመለኪያ ቁልፍ፣ አንድ ቱቦ የካርቦን ቅባትና ትክክለኛውን የፍሬን ዘይት አብሮ እንዲልክ እለምናለሁ። ለታዳጊዎች ብስክሌት የሚያከፋፍሉ ክለቦችና ለጋሾችም ከአሥር ብስክሌት ዘጠኙን ሰጥተው በአሥረኛው ዋጋ መሣሪያ ቢገዙና አንድ ጠጋኝ ቢያሠለጥኑ፣ ዘጠኙ ብስክሌቶች ዕድሜ ያገኛሉ። ያገለገለ ብስክሌት የምትሸጡ ነጋዴዎችም የወደቀውን «ወድቋል» ብላችሁ ሽጡ፤ ዋጋው ይቀንስ እንጂ።

በጅማና በአካባቢዋ የካርቦን ብስክሌት ያለው ወጣት ሁሉ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ሱቄ ቢመጣ፣ ቴላዮውን በሳንቲምና በባትሪ ብርሃን ፈትሼ፣ ብሎኖቹንም በልካቸው አጥብቄ እመልስለታለሁ። ለዚህ ሥራ ገንዘብ አልቀበልም።

ከአክብሮት ጋር፣
ብስክሌት ጠጋኝ፣ ከጅማ