ለጂረን ዳገት የድጋፍ ጥሪ፦ መንገዱን ያፈረስነው እኛው ነን

እኛ እሁድ እሁድ ለስፖርት ዳገት የምንወጣ ሰዎች ነን። ባለፈው ሐምሌ፣ አንድ እሁድ ጠዋት፣ ጅማ አጠገብ ካለችው ከጂረን በላይ ያለውን ዳገት ወጥተን ስንመለስ ከመካከላችን አንዷ ተንሸራተተችና ቁርጭምጭሚቷ ተሰበረ። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። የጅማን ቀይ አፈር የረገጠ ያውቀዋል፤ ሲደርቅ ጡብ፣ ሲረጥብ ሳሙና ነው። እኛ ሃያ ሁለት ሆነን፣ በጀርባችን ሻንጣ፣ በእጃችን ዘንግ ይዘን፣ ክብ ሠርተን ከመቆም በቀር ያደረግነው ነገር አልነበረም። አንዱ ውሃ አጠጧት ይላል፣ ሌላው አታንቀሳቅሷት ይላል፣ አንዱ ደግሞ (ስሙን አልጠራም) ኔትወርክ ፍለጋ ስልኩን ወደ ሰማይ አንሥቶ ይዞራል። ያዳኑን ጩኸታችንን ሰምተው ከማሳቸው የመጡ አራት ሰዎች ናቸው። ሁለት የባሕር ዛፍ አጣና ቆርጠው፣ ጋቢ ዘርግተው፣ በገመድ ጠፍረው ቃሬዛ ሠሩና እየተቀባበሉ እስከ መኪና መንገዱ አወረዷት።

ባጃጁ ከሄደ በኋላ እዚያው ያዋጣነውን ገንዘብ ልንሰጣቸው ስንል ከአራቱ በዕድሜ የገፉት አባት እጃችንን መለሱት። በኦሮምኛ የተናገሩት ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ነው፦ "ለቃሬዛ አይከፈልም። ይልቅ መንገዱን ሥሩት። ያበላሻችሁት እናንተ ናችሁ።"

ከፋን። እኔ በበኩሌ እቤቴ እስክደርስ ስከራከር ነበር፤ በሳምንት አንዴ የሚያልፍ ሰው እንዴት ብሎ መንገድ ያፈርሳል? በሚቀጥለው እሁድ ግን አንገቴን ደፍቼ እግሬ ሥር ሥር እያየሁ ወጣሁት። አባትየው ልክ ናቸው።

የአካባቢው ሰው ዳገት ቀጥ ብሎ አይወጣም። በአግድም ይሄዳል፤ ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ እየተጠማዘዘ፣ አህያውም እሱም ሳይለፉ ይደርሳሉ። የድሮው መንገድ እንደዚያ ነበር፤ ከአንድ ጭነት አህያ የማይሰፋ፣ ሁለት ሰው ሲገናኝ አንዱ ዳር ይዞ የሚያሳልፍበት። እኛ መጣንና ቆረጥነው። ዳገት መውጣት ለእኛ ስፖርት ስለሆነ ጠመዝማዛው ሁሉ ጊዜ ማባከን መሰለን። አንዱ በአቋራጭ ወጣ፣ ሰላሳው ተከተለው፣ በሁለተኛው ዓመት አቋራጩ ዋናው መንገድ ሆኖ ቁጭ አለ። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ መሀሉ ይጨቀያል፤ ያኔ ዳር ዳሩን እንረግጣለን። ዳሩ ሲጨቀይ የዳሩን ዳር። አሁን አንዳንዱ ቦታ ላይ መንገዱ ለሲኖትራክ ይበቃል።

ውሃ ደግሞ እንደኛው አቋራጭ ይወዳል። ቀጥ ያለ መንገድ ካገኘ ወደ ሣሩ የሚበተንበት ምክንያት የለውም፤ እየተሰበሰበ፣ እየፈጠነ፣ አፈሩን እየቆረጠ ይወርዳል። የእግራችን ኮቴ ያጠቀጠቀው መሬት ውሃ አይጠጣም፣ ስለዚህ የወረደው ሁሉ ከላይ ይሄዳል። አሁን የመንገዱ መሀል እስከ ጉልበት፣ በክፉው ቦታ እስከ ወገብ የሚያስገባ ቦይ ሆኗል። ልጅቷ የወደቀችው ከዚያ ቦይ ለመውጣት ስትሞክር ነው። የታጠበው አፈር ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ሐምሌ ላይ አዌቱ ድልድይ ላይ ቆሞ ማየት ይበቃል፤ ውሃው ሻይ በወተት መስሎ ወደ ቦዬ ረግረግ ይወርዳል፣ ከዚያም ወደ ግልገል ጊቤ። የ184 ሜጋ ዋቱ ግድብ ሐይቅ በደለል መቸገሩን ያልሰማ ጅማ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ደለሉን ያመጣነው እኛ ነን ማለቴ አይደለም፤ ዋናው ጉዳይ እርሻና የደን መመናመን ነው። ግን ድርሻችን ትንሽ ነች ብሎ መተው ደግሞ የእኔ ህሊና አልፈቀደም።

ይህ መንገድ የመዝናኛ ብቻ ቢሆን ኖሮ መፍትሔው ቀላል ነበር፤ እግራችንን እንሰበስባለን። ነገር ግን በእሱ ላይ በየቀኑ የሚመላለሱ ሰዎች አሉ። ከላይ ያሉት ቤተሰቦች ቡናቸውንና አቮካዷቸውን በእሱ ያወርዳሉ፣ ሐሙስ ሐሙስ ወደ ሂርማታ ገበያ በእሱ ይወጣሉ፣ ልጆቻቸው በፕላስቲክ ጫማ ት/ቤት በእሱ ይሄዳሉ። ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ የምትወርደውም በዚሁ ነው። እኛ በሳምንት አንዴ የምንንሸራተትበትን እነሱ በቀን ሁለቴ።

እንግዲህ ልንሠራ ያሰብነው ይህንን ነው። የተበላሸው ክፍል 400 ሜትር ነው፣ ለክተነዋል። አቋራጩን በእሾህና በድንጋይ ዘግተን አገር በቀል ችግኝ እንተክልበታለን፤ ዋንዛና ብርብራ፣ ከፍ ሲል ጥቁር እንጨት። መንገዱን ወደ ድሮው ጠመዝማዛ እንመልሰዋለን። ሥራውን ያየልን ባለሙያ ያስጨበጠን ደንብ ቀላል ነው፤ በ10 ሜትር ጉዞ ውስጥ ከ1 ሜትር በላይ ከፍ አለማለት፣ ወለሉንም ወደ ገደሉ በኩል በመጠኑ ዘንበል ማድረግ፣ ውሃው መንገዱን ይዞ ከመውረድ ይልቅ ተሻግሮት ወደ ሣሩ እንዲፈስ። ይህ በማይቻልበት በጣም ቀጥ ባለው ቦታ ላይ የድንጋይ ደረጃ ይሠራል፣ በየጥቂት ሜትሩም መንገዱን በአግድም የሚያቋርጥ የድንጋይ ውሃ መቀልበሻ ይቀበራል። ጠርዙን ቬቲቨር ሣር ይይዘዋል። ቬቲቨርን ለጅማ ሰው ማስተዋወቅ አያስፈልግም፤ በየቡና ማሳው አለ፣ በዓል ሲመጣም ቤት ውስጥ ይጎዘጎዛል። ሥሩ ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ታች እስከ 3 ሜትር ስለሚወርድ አፈሩን እንደ ካስማ ይይዛል፣ ፍሬ ስለማያፈራም የሰው ማሳ ውስጥ አይበቅልም። አርሶ አደሮቹ መጀመሪያ የጠየቁን ይህንኑ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የቤት ውስጥ ጠብ ልናዘዝ። ከመካከላችን ግማሹ ሰው በዚሁ ገንዘብ ጫፉ ላይ የሲሚንቶ ማማ፣ ከማማው ፊትም የከተማዋ ስም በትልልቁ የተጻፈበት ፎቶ መነሻ እንዲሠራ ፈልጎ ነበር። ሁለት ስብሰባ በላብን። እኔ ከተቃወሙት ነኝ፣ ዛሬም እቃወማለሁ፤ ለፎቶ የሚመጣ ሰው በበዛ ቁጥር መንገዱ መጀመሪያ ያበላሸውን ዓይነት ጫና ነው የሚሸከመው። በድምፅ ተሸነፉ። ቂም የያዘብኝ ካለ ጥር ላይ አካፋ ይዞ ይምጣና እንተያይ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ለምንድን ነው፣ ዝም ብላችሁ ሜዳ ላይ አትሮጡም ወይ ለሚሉን፦ አንድ ጊዜ አብራችሁን ውጡ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከከተማው መሀል 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚርቀው ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ደጃፍ እንነሣለን። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር መቀመጫቸውን ለምን እዚያ እንዳደረጉት ለመረዳት ዞር ብሎ ወደ ታች ማየት ነው። ከተማዋ ጉም ለብሳ ትተኛለች፤ መጀመሪያ ሚናሬቶቹ፣ ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያኖቹ፣ ከዚያ ቆርቆሮው ሁሉ እየተገለጠ ይመጣል። ዳገቱን ስትይዙ የቡናው ጥላ ይጀምራል። የካቲት ላይ አንድ ዝናብ ጥሎ ከሆነ ቡናው በአንድ ሌሊት አብቦ መንገዱ እንደ ጽጌ ሽታ ይሸታል። ከላይ ጉሬዛዎች ነጭ ጭራቸውን አንጠልጥለው ያዩአችኋል። አረንጓዴ የምትመስል፣ ስትበር ብቻ ክንፏ ደም የሚመስል ወፍ አለች፤ እስካሁን ጥሩ ፎቶ ያነሣት ከመካከላችን የለም።

ጅማ ከምድር ወገብ የምትርቀው 7 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። ከፍታዋ 1780 ሜትር ገደማ ባይሆን ኖሮ እንቃጠል ነበር። ወደ ላይ በየ1000 ሜትሩ አየሩ በ6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ስለሚቀዘቅዝ፣ በሐሩር አገር ተራራ መውጣት ማለት በአንድ ቀን ብዙ አገር ማለፍ ነው። ይህን ደግሞ ለማየት የግድ ስሜን ወይም ባሌ መሄድ የለብንም። ኦሞ ናዳ ውስጥ ማይጉዶ አለ፤ ጫፉ ከ3000 ሜትር በላይ ነው፣ ጅማ ላይ በሸሚዝ የሄደ ሰው እዚያ ጋቢ ይፈልጋል። ሸቤና ገራ በኩል በለጠ-ገራ የሚባለው ጫካ አለ። እኛ ልጆች ሳለን ተራራ የሚባለው ሩቅ አገር ያለ ነገር ነበር፣ በመጽሐፍ ላይ ራስ ዳሸን 4550 ሜትር ብለን የምንሸመድደው። ያው የስሜን ተራሮች ፓርክ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ሆኖ ሳለ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገብቶ እስከ 2017 ሳይወጣ ቆይቷል። የእኛ ዳገት ምን መዝገብ አለው? የሚመዘግበው ያ አባት ብቻ ናቸው።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ጠቅላላው 620,000 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ 148,000 ብር እኛው በወር በወር አዋጥተናል፤ የጎደለን 472,000 ነው። ትልቁ ወጪ ድንጋይና ማጓጓዣው 210,000 ብር፣ ቀጥሎ የግንበኞችና የቀን ሠራተኞች ክፍያ 190,000 ብር ነው። ሠራተኞቹ ሁሉም ከአካባቢው ናቸው፤ ይህ አይደራደርም። ትንሿን ጅረት ለማሻገር የእንጨት ድልድይ 60,000፣ ስምንት የአካባቢው ወጣቶች የመጀመሪያ እርዳታና የመንገድ መሪነት ሥልጠና እንዲወስዱ 50,000፣ እውነተኛ ቃሬዛ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥንና ገመድ 35,000። የቀረው ለሣርና ለችግኝ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ ለሚጻፉ ምልክቶች፣ ጥቂቱም ለመጠባበቂያ። በአጭሩ አንዱ ሜትር 1550 ብር ይወጣበታል። አንድ ሜትር የሚችል አንድ ሜትር፣ አንድ ስንዝር የሚችል አንድ ስንዝር። ውጭ አገር ያላችሁ የጅማ ልጆች ደግሞ ከአሥር ሜትር በታች ብትሰጡ እናኮርፋለን።

ገንዘቡ ባይሞላስ? ከክፉው ቦታ፣ ልጅቷ ከወደቀችበት ጀምረን ወደ ታች እንመጣለን፤ ገንዘቡ ባለቀበት ላይ እናቆማለን። ግማሽ ደረጃ ሠርቶ በመሀል መተው ውሃውን የባሰ ስለሚያከማች፣ የጀመርነውን እያንዳንዱን ክፍል ሳንጨርስ ወደሚቀጥለው አንሻገርም።

የባንኩ ሂሳብ በሦስት ሰዎች ፊርማ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ አንዱ ፈራሚ ከላይ ካሉት አርሶ አደሮች የተመረጠ ነው። ከቀበሌው የስምምነት ደብዳቤ አለን፣ መሬታቸውን መንገዱ የሚነካ ቤተሰቦችም ፈርመዋል፣ የቤተ መንግሥቱን ግቢ አንነካም። ወጪው ከነደረሰኙ በየአሥራ አምስት ቀኑ እሁድ መነሻችን ላይ በሚለጠፍ ወረቀት ይታያል። ጥሬ ገንዘብ መስጠት የሚፈልግም እዚያው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ያገኘናል፤ ደብተሩን የምይዘው እኔ ነኝ፣ ደረሰኝ ሳልቆርጥ አንድ ብር አልቀበልም። ገንዘብ የሌለው ድንጋይ አለው፤ ግንባታ ጨርሳችሁ የተረፈ ድንጋይ ያላችሁ ንገሩን፣ መጥተን እንጭናለን። ሲኖትራክ ያላችሁ ወንድሞቻችን፣ አንድ ምልልስ ብትሰጡን 210,000ው ይቀንሳል።

ጊዜው ጠባብ ነው። እስከ ታኅሣሥ የቡና ለቀማ ስለሆነ የአካባቢው ሰው ፋታ የለውም። መጋቢት ላይ ዝናቡ ይመለሳል። የ2018 ዓቢይ ጾምና ረመዳን ደግሞ ሁለቱም የካቲት ሁለተኛ ሳምንት ላይ ይገባሉ፣ በባዶ ሆድ ድንጋይ ተሸከሙ አንልም። ስለዚህ የቀሩን ከጥምቀት በኋላ ያሉት አራት እሁዶች ናቸው፤ ጥር 17፣ ጥር 24፣ የካቲት 1 እና የካቲት 8። በእነዚህ ቀኖች ግንበኞቹ የሙያውን ይሠራሉ፣ እኛ በደቦ ድንጋይ እናቀብላለን፣ አፈር እንዝቃለን፣ ሣር እንተክላለን። የመጨረሻው እሁድ ቅበላ ስለሆነ ምሳ ላይ በግ አለ፤ በጉን ከዚህ ገንዘብ አንነካም፣ ለብቻ አዋጥተናል።

ለጥር 17 የምትመጡ፦ አካፋ ወይም ዶማ ያለው ይያዝ፣ ጓንት፣ ሁለት ሊትር ውሃ፣ ቆሎ። ቡናውን የላይኞቹ እናቶች እናፈላለን ብለዋል፣ ስኳር ይዘን እንሄዳለን። ስትወጡ በጠመዝማዛው ውጡ። ቁርጭምጭሚቷ የተሰበረችው ልጅ ድናለች፤ ዳገቱን ገና አልሞከረችም፣ ያን ቀን ግን ታች ቁጭ ብላ ስም እመዘግባለሁ ብላለች።