ጸደይ ሳይገባ ለወዳጄ የተጻፈ

ውድ ጓደኛዬ፦

እንደምን ከርመሻል? ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ብቅ ማለቴ ያሳፍረኛል፤ ይሁንና ምክንያት መደርደር ብጀምር ከሁለተኛው መስመር በላይ እንደማታነቢው ስለማውቅ፣ ይቅርታሽን ለምኜ በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ። ያስጻፈኝ ናፍቆት ብቻ አይደለም፤ ምክርሽም አስፈልጎኛል። ነገሩ የአበባ መደብ ነው። ሳቂ፣ ግድ የለም። ከዚያ ከበረንዳው ጉድ በኋላ ሁለተኛ አፈር እንዳልነካ ያስማልሽኝ አንቺ ነበርሽ፤ መሐላው ከፈረሰ ግን ሰንብቷል።

ባለፈው ዓመት ከቤቱ ጀርባ ባለችው ጠባብ ቦታ አበባ ዘርቼ ነበር። አሁን ብርዱ ሊለቅ ጥቂት ሲቀረው ለሚመጣው ጸደይ በወረቀት ላይ እያቀድሁ ነው፤ አንዱን ቅጂም ከዚህ ደብዳቤ ጋር አድርጌልሻለሁ። ስትከፍቺው ከመደቡ ንድፍ በፊት የወራት ሠንጠረዥ ብታገኚ እንዳትገረሚ፤ ከአንድ ዓመት ጀማሪነት ያተረፍሁት ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። ጀማሪ አበባን የሚመርጠው በቀለሙ ነው። እኔም ቀዩን ከቢጫው፣ ሐምራዊውን ከነጩ ጋር እያስማማሁ የመረጥኋቸው ሁሉ በሙቀቱ ወራት አጋማሽ ባንድ ላይ የሚፈኩ ሆነው ተገኙ። ለጥቂት ሳምንታት መደቡ ዓይን ያጠግብ ነበር፤ ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ግን ቅጠል ብቻ ነበር። ስለዚህ ዘንድሮ ለእያንዳንዱ አበባ አስቀድሜ የምጠይቀው መቼ መፍካት ጀምሮ መቼ እንደሚያቆም ነው፤ ስሙን በግራ በኩል ጽፌ የሚያብብባቸውን ወራት በእርሳስ አጠቁራለሁ። ክፍተቱ ወዲያው ይታያል።

የመጀመሪያው ክፍተት የጸደዩ መግቢያ ነው፤ እሱን ደግሞ ዘንድሮ እንደ ልቤ ልሞላው አልችልም። ቱሊፕና ዳፎዲል ሽንኩርት የሚመስለው ሥራቸው ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት፣ የራሱን ቁመት ሦስት እጥፍ ያህል ጥልቀት ተቀብሮ፣ በተለይ ቱሊፕ ከ12 እስከ 16 ሳምንት ብርድ ካላገኘ በወጉ አያብብም። እንግዲህ ሰው ሁሉ ስለ ጸደይ አበባ ማሰብ በሚጀምርበት በዚህ ሰሞን የእነሱ ቀን አልፏል ማለት ነው። ቀላል ውርጭ የሚችለውን ፓንሲ በችግኝነቱ ገዝቼ ዳር ዳሩን እተክላለሁ፤ ቱሊፑን ደግሞ በሠንጠረዡ መጨረሻ፣ ቅጠል ሲረግፍ ከሚሠሩት ሥራዎች ተርታ አስገብቼዋለሁ። ተራው ሲደርስ እንደማልረሳው እርግጠኛ ነሽ? እኔም አይደለሁም።

በሠንጠረዡ ላይ ረጅም መስመር የያዙት ዚኒያና ኮስሞስ ናቸው። የሁለቱም ዕድሜ አንድ ወቅት ብቻ ነው፤ ተክሉ የሚያብበው ዘር ለማፍራት ስለሆነ፣ ዘሩን ከቋጠረ አዲስ እንቡጥ ለማውጣት ጥድፊያው ይቀንሳል። ስለዚህ መጠውለግ የጀመረውን አበባ ዘር ሳይዝ መቁረጥ፣ መስመሩን እስከ መጀመሪያው ውርጭ ድረስ ያስረዝመዋል። ኮስሞስን ከለሙ አፈር ያራቅሁት ሆን ብዬ ነው፤ ናይትሮጂን የበዛበት አፈር ቅጠሉን አፋፍቶ አበባውን ያሳንሰዋል። በእቅዱ ላይ ነጠብጣብ ያለበት ክፍል ብስባሽ የሚገባበት ስለሆነ የወረቀቱ ጉድለት እንዳይመስልሽ።

ስለ ዘሩ ጊዜ ብዙ አላደክምሽም። ሁሉም ነገር ከመጨረሻው ውርጭ ወደ ኋላ እየተቆጠረ ነው የሚሠራው፤ ስናፕድራገን ከ8 እስከ 10 ሳምንት ቀድሞ ቤት ውስጥ ይዘራል፣ ለዚኒያ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይበቃዋል፣ ፖፒ ግን ሥሩ ሲነካ ስለማይወድ እዚያው በሚኖርበት ቦታ ነው የሚዘራው። የስናፕድራገን ዘር ደቃቅ ከመሆኑም በላይ ለመብቀል ብርሃን ስለሚሻ፣ አፈር አይለብስም፤ ላዩ ላይ ተበትኖ በጣት ጫን ይደረጋል። ችግኞቹ ወደ ውጭ ከመዛወራቸው በፊት ደግሞ ከ7 እስከ 10 ቀን ያህል፣ በየቀኑ ጥቂት ሰዓት እየጨመሩ ነፋስና ፀሐይ ማልመድ ያስፈልጋል።

አሁን በየቀኑ የሚያከራክረኝ ፀሐዩ ነው። አብዛኞቹ የመረጥኋቸው አበቦች በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋሉ፤ ይህን በብርዱ ወር ቆሞ መለካት ግን በሁለት በኩል ያሳስታል። ፀሐይዋ አሁን ዝቅ ብላ ስለምታልፍ የአጥሩ ጥላ ከሚገባው በላይ ይረዝማል፤ በሌላ በኩል ቅጠሉን ያራገፈው የጎረቤት ዛፍ ዛሬ ብርሃን ያሳልፍና፣ ሲያቆጠቁጥ መደቡን ግማሽ ድረስ ያጨልመዋል። ስለዚህ ዛሬ የማየውን ጥላ ትቼ ባለፈው ዓመት የማስታውሰውን ነው የሣልሁት። የማስታወስ ችሎታዬን ታውቂዋለሽ።

ይህን ሁሉ ያወራሁት ከመደቡ መካከል ባዶ የተውሁትን ክብ እንዳትጠይቂኝ ይመስለኛል። ጥያቄዬ ግን እሱ ነው። ለቦታው ሁለት እጩዎች አሉኝ፤ ዳሊያና ፒዮኒ። ዳሊያ ውርጭ ካለፈ በኋላ ይተከላል፣ በዚያው ዓመት ከሙቀቱ ወራት አጋማሽ እስከ ውርጭ ድረስ ያብባል፤ ብርዱ ሲጸና ግን ድንች የሚመስለው ሥሩ ተቆፍሮ ወጥቶ፣ ውርጭ በማይደርስበት ደረቅ ስፍራ መክረም አለበት። በየዓመቱ ያደክማል፤ ነገር ግን በሣጥን ተይዞ የትም ይሄዳል። ፒዮኒ በተቃራኒው አንዴ ከተተከለ በኋላ መነቀል አይወድም። ቡቃያዎቹ ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ አፈር ከለበሱ እንኳ አበባ ይከለክላል፤ በደንብ ተተክሎም ቢሆን እንደ ልብ ለማበብ ጥቂት ዓመታት ይጠይቃል፤ ከተስማማው ግን ከተከለው ሰው ዕድሜ በላይ ሊቆይ ይችላል።

አየሽ፣ ፒዮኒን በወረቀቱ ላይ ልጽፍ እርሳሴን ባነሣሁ ቁጥር እጄ ይቆማል። ከሦስት ዓመት በኋላ እዚህ ቤት እኖር ይሆን? ይህን ለሌላ ሰው አልተናገርሁም፤ ለአንቺም ቢሆን እንዴት እንደምጀምረው ሳላውቅ ነው እዚህ የደረስሁት። ለመሄድ የወሰንሁት ነገር የለም። ለመቆየትም አልወሰንሁም። ለካ የአበባ መደብ ማቀድ ይህን ጥያቄ ሳይመልሱ የማይዘለል ሥራ ኖሯል፤ ዚኒያ የሚዘራ ሰው ግን ይህ ሁሉ አይነካውም።

መልስሽን ከወዲሁ እሰማዋለሁ፤ ፒዮኒ በአብዛኛው የሚተከለው ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት ስለሆነ፣ ዘንድሮ ዳሊያውን ተክለህ እሱ ሲወጣ ፒዮኒውን ታስገባለህ ትዪኛለሽ። ልክ ነሽ፤ የወራቱ ሠንጠረዥም ይፈቅዳል። ግን ይህ ውሳኔውን ለሚቀጥለው ወቅት ማስተላለፍ ብቻ አይሆንም? ማስተላለፍ ላይ ያለኝን ሙያ ደግሞ ከአንቺ በላይ የመሰከረ የለም። እባክሽ በዘዴ አትለፊኝ፤ ክቡ ውስጥ አንዱን ስም በቀይ ጽፈሽ ወረቀቱን መልሺልኝ። የዳሊያ ሥር አስቀድሞ መገዛት ስላለበት፣ የአንቺ ዝምታ እንደ እኔ ባይረዝም ደስ ይለኛል።

ናፋቂ ወዳጅሽ

ሳልረሳው፦ ከዝርዝሩ ላይ ፎክስግላቭ የተሰረዘው በልጅሽ ምክንያት ነው። የተክሉ ሁሉም ክፍል መርዛማ ስለሆነ፣ ያገኘችውን ሁሉ ወደ አፏ የምታደርግ ልጅ ባለችበት አልተክለውም ብዬ ነው። አሁን ግን ምን ያህል እንዳደገች እንኳ አላውቅም። ያን ጠባይ ከተወችው ንገሪኝና ስሙን መልሼ እጽፈዋለሁ።